የእንጦጦን ነፋስ ወደ ቆላ ማውረድ

የካቲት 16 ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል በሚከበርበት ጧት፣ የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ ሰው ሁሉ በጋቢው ተጠቅልሎ፣ እጁን በብብቱ ሸጉጦ፣ ትንፋሹን እንደ ጭስ እየለቀቀ ይሄዳል። በባሕር ዛፉ መካከል ሾልኮ የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆነጥጣል። የየካን ሰፈሮች ከኋላችን ትተን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስንወጣ ከጎናችን ይራመድ የነበረ አንድ ወጣት ግን ጋቢውን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ደረቱን ለነፋሱ ሰጥቶት ነበር። ወጣቱ ከዚሁ ተራራ ሥር ተወልዶ ያደገ፣ ትምህርቱን ጨርሶ በመንግሥት ሥራ ወደ ሰመራ የተመደበ፣ ለበዓሉ ፈቃድ ወስዶ የመጣ ነው።

«ብርዱ አይሰማህም ወይ፣ ልጄ?» ብንለው፣

«ጋሼ፣ ይህንን ነፋስ በአቁማዳ ቋጥሬ ይዤው ብወርድ ምንኛ ደስ ባለኝ!» አለን።

«በቤትህ የአየር ማቀዝቀዣ የለህምን?»

«አለኝ እንጂ! ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጋዝ አስሞላሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሎ አስቀየርኩ። ደመወዜን የሚበላው እርሱ ነው።»

ዳገቱ ረጅም ስለ ሆነ ጨዋታውም ረዘመ። ወጣቱን እየጠየቅን ነገሩን እስከ ሥሩ ስናየው፣ ከሦስቱ ብልሽቶች አንዱ እንኳ ከመሣሪያው ተፈጥሮ የመጣ አልነበረም። የሁሉም መነሻ መሣሪያው እንደ ልቡ እንዳይተነፍስ መከልከሉ ነው። አንባቢያችን ዛሬ በአዲስ አበባ ብርድ ውስጥ ተቀምጦ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ይል ይሆናል። ይሁን እንጂ የዛሬ ተማሪ ነገ በሰመራ፣ በጋምቤላ፣ በድሬዳዋ ወይም በመተማ ሊመደብ ስለሚችል፣ መሣሪያው ሳይገጥመው ጠባዩን ቢያውቅ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ተራራው በነጻ የሚሰጠው

በመጀመሪያ እንጦጦ ስለ ምን እንደሚበርድ እንመልከት። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚጫነው ክብደት ስለሚቀንስ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም ይቀዘቅዛል። በአማካይ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። የእንጦጦ ራስ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል፤ ሰመራ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ500 ሜትር በታች ናት። እንግዲህ በከፍታው ልዩነት ብቻ በሁለቱ ቦታዎች መካከል የ17 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይገኛል ማለት ነው። በሰኔ ወር በሰመራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እንጦጦ ላይ ያለው ሰው ካፖርት የሚለብሰው ስለዚህ ነው።

አባቶቻችን ይህንን በሥራ ያውቁት ነበር። ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን በእንጦጦ አምባ ላይ ካደረጉ በኋላ፣ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ ከተራራው ለመውረድ ካበቁት ምክንያቶች መካከል ብርዱና የማገዶው እጥረት ይገኙባቸዋል። ያን ጊዜ ሰው ሙቀትን ፈልጎ ወደ ታች ወረደ። ዛሬ ደግሞ ወደ ቆላ የወረደው ልጅ ተራራው በነጻ ይሰጠው የነበረውን ቅዝቃዜ በኤሌክትሪክ ኀይል ሊያገኝ ይጥራል።

መሣሪያው የተፈለሰፈበትም ታሪክ ለጋዜጣ አንባቢ የሚጥም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902፣ በእኛ በ1894 ዓ.ም.፣ ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ መሐንዲስ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ ንድፍ ያወጣው ለሰው ምቾት ብሎ አልነበረም። በኒውዮርክ ብሩክሊን በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በአየሩ እርጥበት እያበጠና እየተኮማተረ ቀለሙ ከቦታው ስለሚዛነፍ ለወረቀቱ ሲል ነው። በዚያው በ1902 መገባደጃ የምድር ባቡራችን ድሬዳዋ ደረሰና ከተማዪቱ ተቆረቆረች። የድሬዳዋ ሰዎች በከዚራ ጎዳናዎች ዛፍ ተክለው፣ ሰፊ በረንዳ ሠርተው ሙቀቱን በጥላ ተከላከሉት። ይህም ብልሃት ዛሬ አላረጀም፤ መጋረጃና ጥላ ያለው ቤት መሣሪያውን ብዙ ድካም ያሳርፈዋል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ብዙ ሰው ማቀዝቀዣው ቅዝቃዜን የሚፈጥር ይመስለዋል። መሣሪያው ግን ሙቀትን ከቤት ውስጥ ተሸክሞ ወደ ውጭ የሚጥል ተሸካሚ ነው። የሸክላ እንስራ ውሃን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ እናስታውስ። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ወደ ውጭ ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። በማቀዝቀዣው ውስጥም አንድ ፈሳሽ በቤቱ ውስጥ ባሉት ቱቦዎች ሲተን የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕሬሰር የተባለው፣ የመሣሪያው ልብ ልንለው የሚገባን ክፍል፣ የተነነውን ጋዝ ጨምቆ ወደ ውጭው ክፍል ይልከዋል። እዚያም ፋኑ እየነፋበት ሙቀቱን ለደጁ አየር አስረክቦ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል፤ ተመልሶም ይገባል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ሥራው ሁሉ የሚፈጸመው በሁለት በኩል በሚነፍስ አየር ነው፤ አንዱ በቤት ውስጥ፣ አንዱ በውጭ። ከሁለቱ አንዱ ቢታፈን መሣሪያው እንደ ታመመ ሰው ማቃሰት ይጀምራል።

የመጀመሪያው ብልሽት፤ በረዶ

ወጣቱ ወደ ሰመራ በገባ በሦስተኛው ወር መሣሪያው ማቀዝቀዙን ተወ። ክዳኑን ቢከፍተው ቱቦው በበረዶ ተሸፍኖ አገኘው። «በረዶ ከሠራ ዘንድ እንዴት አያቀዘቅዝም?» ብሎ ተደነቀ። ጠጋኝ ጠራ፤ ጠጋኙም ማጣሪያውን ሳያይ «ጋዝ አልቋል» ብሎ ሞላለት።

ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ከፊት ክዳኑ በስተ ውስጥ እንደ ወንፊት ያለ ማጣሪያ አለ። በአፋር አቧራ ማጣሪያው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደ ብርድ ልብስ ይደፈናል። ሞቃቱ የክፍሉ አየር ወደ ቱቦው መድረስ ሲያቅተው ቱቦው ከመጠን በላይ ይቀዘቅዝና የአየሩ እርጥበት በላዩ ይረጋል፤ በረዶው ደግሞ የቀረውን የአየር መንገድ ይዘጋዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መሣሪያውን አጥፍቶ በረዶው በራሱ እስኪቀልጥ መጠበቅ ነው። በቢላዋ ወይም በጠመንጃ መፍቻ መፈቅፈቅ ግን ቱቦውን ይበሳል። ከዚያም ማጣሪያውን አውጥቶ ለብ ባለ ውሃ ማጠብና በጥላ ሥር ፈጽሞ ካደረቁት በኋላ መመለስ ነው። አቧራ በሚበዛበት አገር ይህን በየሁለት ሳምንቱ፣ በሌላው ቦታ በየወሩ ማድረግ ይበቃል። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ሳለ በረዶው ከተመለሰ ግን ያን ጊዜ ጋዙ ጎድሎ ይሆናልና ባለሙያ ይጠራ።

ስለ ጋዙም ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ጋዝ እንደ መኪና ቤንዚን እየተቃጠለ የሚያልቅ አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ለዘላለም የሚዞር ነው። ከጎደለ የሆነ ቦታ ተበስቷል ማለት ነው። ስለዚህ «ጋዝ ልሙላ» የሚልን ጠጋኝ «አስቀድመህ የሚያፈሰውን ቦታ አሳየኝ» ብሎ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው። የጋዙ ዓይነት በመሣሪያው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፏል። ለአር 22 የተሠራውን በአር 32 መሙላት አደገኛ ነው፤ አር 32 እሳት ሊይዝ የሚችል ነውና። አሮጌው አር 22 ደግሞ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርዳትን የኦዞን ሽፋን ስለሚጎዳ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከዓለም ገበያ እንዲወጣ የተወሰነበት ነው። አዲሶቹም ቢሆኑ ምድርን የሚያሞቁ ስለ ሆኑ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በኪጋሊ በተደረገው ማሻሻያ እንዲቀንሱ ተወስኗል። ጋዝን ወደ አየር መልቀቅ እንግዲህ የራስን ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ጎረቤትንም መበደል ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ብልሽት፤ የታፈነው ልብ

ወጣቱ የውጭው ክፍል በፀሐይና በአቧራ እንዳይጎዳ አስቦ በላዩ ሸራ አለበሰው፤ በዙሪያውም ባዶ ካርቶኖች ከመረበት። በጎ አሳቢነት ነው፤ ነገር ግን ጥፋት ነው። ሙቀቱን ወደ ደጅ መጣል ያቃተው መሣሪያ ማቀዝቀዝ ሲያቆም፣ ወጣቱ ያንኑ «ጋዝ አልቋል» የሚል ቃል ሰምቶ ሁለተኛ ጊዜ አስሞላ። ከሚገባው በላይ ጋዝ የሞላበት፣ በሸራም የታፈነ ኮምፕሬሰር እንደ ተጫነ አህያ ያለከልካል። በዚህ ላይ የኤሌክትሪኩ ኀይል መዋዠቅ ተጨመረና በአንድ የሰኔ ቀትር ተቃጠለ።

ይህ እንዳይሆን የሚከተለውን ማድረግ ይገባል። የውጭው ክፍል በጥላ ሥር ቢሆን መልካም ነው፤ ጥላው ግን ከላይ ራቅ ብሎ የተሠራ እንጂ የተለጠፈበት አይሁን። በፊቱና በኋላው አየር የሚዘዋወርበት ባዶ ቦታ ይኑረው። ሌባን ፈርቶ የብረት ፍርግርግ የሚያስገጥም ሰው ፍርግርጉን ሰፋ ያለ ያድርገው። አቧራ ሲጠጣ ኤሌክትሪኩን ከማቋረጫው አጥፍቶ በቀስታ በሚወርድ ውሃ ማጠብ ይቻላል፤ በኀይለኛ ግፊት መርጨት ግን ስስ ክንፎቹን ያጣምማቸዋል።

ስለ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ይህን ልብ ማለት ያሻል። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ቮልቱ ሲወርድ የኮምፕሬሰሩ ሞተር ሥራውን ለመፈጸም የበለጠ ከረንት ስለሚስብ ይግላል። ስለዚህ ኀይል በሚዋዥቅበት ከተማ የቮልት መጠበቂያ ማስገጠም ኮምፕሬሰር ከመግዛት ይረክሳል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ወዲያው ማስነሳት አይገባም፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ መታገሥ ይበጃል። መሣሪያው የራሱ መስመር ይኑረው እንጂ ከቡና ማፍያና ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ገመድ አይሰካ። ብሬከሩ እየደጋገመ ሲወርድ ደግሞ ያስጠነቅቃል እንጂ አይቀልድም። «ብሬከሩ ደካማ ነው» ብሎ በትልቅ ብሬከር የሚለውጥ ሰው የቤቱን ሽቦ ለእሳት አሳልፎ ሰጠ።

ጥቃቅን የሚመስሉ ምልክቶች

ከእነዚህ ሌላ ማንም ሰው በቤቱ የሚያያቸው ምልክቶች አሉ።

መሣሪያው በጭራሽ እንቢ ሲል ጠጋኝ ከመጥራት በፊት የሪሞቱን ባትሪ፣ ቀጥሎ ብሬከሩን፣ ቀጥሎም ሪሞቱ በማቀዝቀዣ ምልክት ላይ መሆኑን ማየት ነው። ስንት ሰው ለባትሪ ሲል የጠጋኝ ዋጋ ከፍሏል!

ውሃ በቤት ውስጥ ሲንጠባጠብ አብዛኛውን ጊዜ የፍሳሹ ቱቦ በአተላና በአቧራ ተደፍኗል ማለት ነው። ከአየሩ የተጨመቀው እርጥበት መውጫ ስላጣ ነው የሚፈሰው። ቱቦውን ማጽዳት፣ ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ መሆኑንም ማየት ነው።

መጥፎ ሽታ ሲሸት በእርጥቡ ቱቦ ላይ ሻጋታ በቅሏል። ከመተኛት ወይም ከመውጣት በፊት ማቀዝቀዣውን አቁሞ ፋኑን ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ማዞር ቱቦውን ያደርቀዋል።

የተለየ ድምፅ፣ የመቃጠል ሽታ ወይም ብልጭታ ከታየ ግን ነገሩ ከባለቤቱ እጅ ወጥቷል። ብሬከሩን አውርዶ ባለሙያ መጥራት ነው። መሣሪያው ከጠፋም በኋላ በውስጡ ኤሌክትሪክ ያጠራቀመ ክፍል ስለሚኖር ሽፋኑን ፈትቶ እጅን መስደድ ለሞት ያበቃል።

በመጨረሻም ስለ ዲግሪው። ከደጅ በላብ ተጠምቆ የገባ ሰው ሪሞቱን አንሥቶ 16 ላይ ያደርገዋል። በዚህ ክፍሉ ቶሎ አይቀዘቅዝለትም፤ መሣሪያው ያለ ዕረፍት ይሠራል እንጂ። 24 ወይም 25 ላይ አድርጎ በሩንና መጋረጃውን መዝጋት ለአካልም ለቆጣሪም ይስማማል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ የመሣሪያው ዕድሜ በአያያዙ ነው።

የመጨረሻው ታሪክ

ወጣቱ እስከዚህ ድረስ እየሳቀ ሲያወራን ቆይቶ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በዛፎቹ መካከል ብቅ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ሌላ ነገር ጨመረልን።

በአንድ እሑድ ከአዲስ አበባ የመጡ ጓደኞቹን ጠርቶ ነበር። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ መስኮቱን ሁሉ ዘጉ፤ የበሩን ሥር በጨርቅ ደፈኑ። ከዚያም በክፍሉ መካከል ከሰል በማንደጃ ተቀጣጥሎ ቡና ተፈላ። አቦል ሳያልቅ ራስ ምታት ጀመራቸው። አንዲቱ ልጅ አስታወካት። ሌላው ልነሣ ቢል ጉልበቱ ከዳው። እነርሱ ግን ሙቀት የመታቸው መስሏቸው መሣሪያውን ይበልጥ አቀዘቀዙት። ያዳናቸው ለሥራ ጉዳይ በሩን የከፈተው አዛውንቱ የአፋር ዘበኛ ነው። ሁኔታቸውን አይቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ማንደጃውን አወጣ፤ እነርሱንም እየደገፈ ወደ ደጅ አስወጣቸው።

ይህን የምንጽፈው ብዙ ሰው የማያውቀው ምሥጢር ስላለበት ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ማቀዝቀዣ ከውጭ አየር አያስገባም። የክፍሉን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ ያንኑ መልሶ ይሰጣል። ሰው ቅዝቃዜ ስለ ተሰማው ንጹሕ አየር የሚተነፍስ ይመስለዋል። ከሰል ሲነድ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኀይል ከደም ጋር ስለሚጣበቅ፣ ደሙ እየዞረ አካል በአየር እጦት ይሞታል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስታወክና የጉልበት መክዳት ነው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ያንቀላፋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሁሉን ትቶ ወደ ደጅ መውጣት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ የታመመውንም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ቢሻለውም እንኳ ይታይ። ጄኔሬተርንም በቤት ውስጥ ወይም በመስኮት አጠገብ ማስነሳት ያንኑ መርዝ ያስገባል።

እንግዲህ ቆላው ከደጋው የተለየ አይደለም። በሰመራ ሙቀትን ፈርቶ የተዘጋው ቤት፣ በእንጦጦ ብርድን ፈርቶ ይዘጋል። በኪዳነ ምሕረት ዙሪያ ለጸበል መጥተው ትንንሽ ክፍል ተከራይተው የሚከርሙ ሰዎች፣ በተራራው ቁር ሌሊት ከሰል ወደ መኝታቸው ለማስገባት ይፈተናሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ራሱ ስስ ስለ ሆነ ጉዳቱ የባሰ ነው። ከሰል በደጅ ነድዶ፣ ቡናውም በበረንዳ ተፈልቶ፣ ለመኝታ ቡሉኮ መደረብ ይሻላል።

ከቅዳሴ በኋላ ወጣቱ «ጋሼ፣ እናቴ ቤት ሳይገቡማ አይሄዱም» ብሎ ይዞን ወረደ። እናቲቱ ለእንግዳ ክብር ብለው በሩን ዘግተው፣ ማንደጃውን በክፍሉ መካከል አድርገው፣ ቄጤማውን ጎዝጉዘው ጠበቁን። ወጣቱ እጃቸውን ስሞ ሳይቀመጥ ማንደጃውን አንሥቶ ወደ በረንዳው አወጣ፤ ተመልሶም መስኮቱን ከፈተው። የእንጦጦ ነፋስ እየተንጎራደደ ገባ።

«ምነው ልጄ፣ በእንግዳ ፊት ብርድ አስገባህብን እኮ!» አሉ እናቲቱ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

«ይግባ፣ እማዬ» አለ። «ሰመራ ላይ ደመወዜን ከፍዬ የምገዛው እርሱን ነው።»